ሁለት ትልልቅ ድንጋይ

ከሚሴ ላይ የቆርቆሮ ቤት በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ አንድ ቀን ይህ ከተማ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ይለብሳል ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጫት ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ሁሉም ሳቁብኝ። በዚህ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ያደረ ሰው ጠዋት ተጠብሶ ይነሳል አሉ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁና አንዲት ቆርቆሮ ሳልገዛ ቀረሁ። ከሳቁት አንዱ፣ የጨው ነጋዴ ነው፣ ድምፁን አጥፍቶ ሄደና ቆርቆሮ በመኪና አስጭኖ መጣ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሐጅ አድርጎ ተመለሰ። እንኳን ደህና መጣህ ልለው ስሄድ የዘምዘም ውሃ በሲኒ ሰጠኝ፤ ያን የተባረከ ውሃ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በንዴት ነው የጠጣሁት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ራቀኝ። ቀድሜ ያየሁት እኔ፣ ያተረፈው እሱ። ይህ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አዲስ ነገር በየወሩ ከመኪና ላይ የሚወርድበት ጊዜ። ሱቄ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረች፣ ላምባና ሳሙና አቡጀዲም የምሸጥባት ጠባብ ክፍል ናት። የጭነት መኪና ሲቆም ደንበኛዬን እንደቆመ ትቼ እሮጥና ሸራውን እገልጣለሁ። ይህ ምንድን ነው? ማን አዘዘው? ስንት ተገዛ? ሹፌሮቹ ቢሰለቻቸው «ኬላው» የሚል ቅጽል አወጡልኝ። ከፍተሻዬ የሚያመልጥ ጭነት አልነበረማ።

ግን ማየት ሌላ፣ መምረጥ ሌላ። አንድ ጊዜ ተቻኩዬ ሦስት የላምባ ምድጃ አመጣሁ። ሴቶቹ ሲንቦገቦግ ድምፁን ፈርተው አንዷም ደፍራ አልገዛችኝም፤ ሦስቱም መደርደሪያዬ ላይ ዛጉ። ስለዚህ በአንድ በኩል ሳልገዛ የቀረሁት፣ በሌላ በኩል የገዛሁት ያቃጥለኛል። ምግብ እየበላሁ እነሳለሁ፣ ሰላቴን እንኳ እየሰገድኩ ውጭ የመኪና ድምፅ ከሰማሁ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደሆንኩ ይጠፋኛል።

እንዲህ እያለሁ ነው ደሴ ወጥቼ ያን ሱቅ ያየሁት። ባለ ሱቁ ወፍራም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የጡብ ያህል የምትሆን ሬዲዮ አስቀምጦ ያስለፈልፋታል፤ ጓሮ ደግሞ በናፍታ የሚሠራ የሞተር ወፍጮ ተክሏል። መጀመሪያ ሬዲዮዋን አሳየኝ። ሽቦ የላት፣ ምን የላት፤ ድንጋይ ጎርሳ ታወራለች። የወደፊቱ ነገር ይህ ነው አለኝ። እኔ ሳቅሁ። ለወሎ ሰው ወሬ የሚሸጥለት ማን ነው? ወሬ እኛ ዘንድ በነጻ ነው። ቀጥሎ ጓሮ ወሰደኝና አንድ ቁና ስንዴ ወፍጮው አፍ ላይ ደፋ። ሞተሩ ተኮሰ፣ የጎማ ቀበቶው፣ ቺንጋው፣ ዞረ፣ ዱቄቱ ከታች ወረደ። እጄን ሰድጄ ነካሁት፤ ትኩስ ነው። ልቤ ዘለለ። የማይበላ ሰው የለም፤ በጨፋ ሸለቆ ያለች ሴት ሁሉ ደግሞ በእጇ ነው የምትፈጨው። ይሄን ነገር ከእኔ በፊት ማንም ከሚሴ እንዲያስገባው አልፈለግሁም።

የጎደለኝ ገንዘብ ነው። ያለኝን ሁሉ ሸጬ እንኳ ግማሹ አይሞላም። የቀረው አንድ መንገድ የሚስቴ ላሞች ናቸው። አራቱም በኒካሃችን ዕለት በመህር፣ በሙሽራ ጥሎሽ፣ የተሰጧት፣ የራሷ የሆኑ፣ እኔ እጄን ላሳርፍባቸው የማይገባኝ ላሞች ነበሩ። ጨፋ ሮቢት አጠገብ ካለው የአባቷ ግጦሽ አምጥታ ደጃችን ታስራቸዋለች፣ ቅቤያቸውን ራሷ ትሸጣለች።

ወተት እየናጠች ነው የደረስኩባት። ቅሉን መወዝወዝ ሳታቆም አዳመጠችኝ። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቺንጋው፣ ሴቶች ሁሉ ከእጅ ወፍጮ ስለሚገላገሉበት ቀን አወራሁላት። ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ማሽኑ የጉድጓድ ማሽላ ቀምሷል ወይ? አሳቀችኝ። ሞተር ነው እኮ፣ ሆድ የለውም፣ ምኑን ከምን ይለያል አልኳት። ያን ጊዜ ቅሉን አስቀመጠችው።

«ላሞቹ መህሬ ናቸው» አለችኝ። «ጠይቀኸኛልና እሰጥሃለሁ። ለመጪው አጨዳ ግን አራቱም እዚህ ደጅ ቆመው ላያቸው። እነሱ ካልቆሙ እኔም አልቆምም።»

ወላሂ ብዬ ማልኩላት። ስምል ደግሞ ከልቤ ነው፤ አጨዳ ሳይደርስ ስድስት ላም አቆምላታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ላሞቹ ተሸጠው ሲነዱ ግን አንዷ ዞር ብላ ስትጮህ ሚስቴ ቤት ገባች። ያን አየሁ፤ ቢሆንም በማግስቱ ደሴ ነበርኩ።

ወፍጮው መጣ። ለቤቱ ጣሪያ የሚሆነውን ቆርቆሮ ከማን እንደገዛሁ አልናገርም። የመክፈቻው ዕለት ፍየል ታረደ፣ ሽማግሌዎች ዱአ አደረጉ፣ ከደሴ የመጣው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። የመጀመሪያው ክብር ለሚስቴ አጎት ሆነ፤ ከጨፋ በሁለት አህያ ማሽላ ጭነው መጥተዋል። ከጉድጓድ በዚያው ጠዋት የወጣ ነው። የእኛ አገር ማሽላ ከአጨዳ በኋላ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው የሚቀመጠው፤ ሲወጣ ይረጥባል፣ የራሱ ጠረን አለው፣ እኛ ደግሞ ያን ጠረን እንወዳለን። በእጅ ወፍጮ የምትፈጭ ሴት እርጥበቱን በመዳፏ ታውቀዋለች፣ አረፍ እያደረገች፣ እያሰጣች ትፈጨዋለች። እኔ ይህን አፈር ላይ ተወልጄ፣ ያን እህል በልቼ አድጌ፣ ደሴ ላይ ያየሁትን ደረቅ ስንዴ አምኜ መምጣቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሞተሩ ተነሳ። ማሽላው ገባ። ትንሽ ዱቄት ወረደና ቆመ። ድንጋዩ እህሉን እንደ ሊጥ አላቁጦ ያዘው፣ ቺንጋው ተንሸራተተ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። አጎትየው ጎንበስ ብለው ያን ትኩስ ጭቃ በጣታቸው ነኩ፣ አሸተቱ፣ «በረካው ወጣ» አሉ። ከሰዓት በኋላ የከሚሴ ሰው ሁሉ የኔ ሞተር በረካ እንደሚበላ ያወራ ነበር።

መካኒኩ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው አለ። ለእንዲህ ያለ እህል ተለቅ ያለ፣ ሸካራ ድንጋይ ያስፈልጋል። እኔ ቁጭ ብዬ የማስብበት ትዕግሥት የለኝም፤ እዚያው ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ «ለከሚሴው ሰው፣ ትልቁን ድንጋይ፣ ሁለት፣ በቶሎ ላክልኝ።» ለደሴው ባለ ሱቅ እንዲያደርስልኝ ለሹፌር ሰጥቼ ሰደድኩ። አራት ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅሁ።

በአምስተኛው ቀን መኪናው ሲመጣ አራት ጉልበተኛ ሸካሚ ገመድ ይዘው ከጎኔ ቆመዋል። ድንጋይ ማውረድ ቀልድ አይደለም፤ ጣት ይቆርጣል፣ እግር ይሰብራል። ረዳቱ ከላይ ሆኖ አንድ ካርቶን በብብቱ ይዞ አቀበለኝ። ከዚያ ሌላ አንድ። ከዚያ ሸራውን መለሰ። ድንጋዩስ አልኩት፤ ይኸው አለኝ። ካርቶኑን ስቀደው ውስጡ በረድፍ በረድፍ የተሰደረ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ያ ትልቁ፣ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ የሚጎርሰው። ሸካሚዎቹ ገመዳቸውን እንደያዙ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ። የደሴ ሰው ድንጋይ ሲባል የሚያውቀው ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን በዓለም ላይ ከወፍጮ ድንጋይ ሌላ ድንጋይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ መውጫ መግቢያ አጣሁ። ድንጋዩ እንዴት ነው፣ ያደቅቃል ወይ ይሉኛል። በሚቀጥለው መኪና መልሼ ልሰደው ስጠቀልል ሚስቴ መጣችና ካርቶኑን ከእጄ ወሰደችው። ከሚሴ ውስጥ ስንት ሰው ሬዲዮ እንዳለው አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። እሷ ግን ላሞቹ ሳሉ ቅቤ ስታዞር በየግቢው ትገባ ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያው አለ፣ የጤና ረዳቱ አለ፣ ሁለቱ የአረብ ሱቆች አሉ፣ ትምህርት ቤት አለ። ጨፋ ላይ ደግሞ ማሽላውን ከከርከሮ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የእጅ ባትሪ ይዟል፤ ድንጋዩ ሲያልቅበት ደሴ የሚሄድ ሰው ይለምናል፣ አንዳንዱም ከወር በላይ ይጠብቃል።

«ሬዲዮ የሚገዛ ሰው አንዴ ገዝቶ ያበቃል» አለችኝ። «ድንጋዩን ግን እስኪሞት ይገዛል።»

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሸራ ስገልጥ የኖርኩት ሰውዬ፣ ይህን አላሰብኩትም። ተናደድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከደስታዬ ይልቅ ንዴቴ በለጠ። ሁለቱ ካርቶን ግን በሁለት ሳምንት አለቀ። ከዚያ አራት አዘዝን፣ ከዚያ ስምንት። ወረቀቱ ላይ አሁን «የባትሪ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰዉ ባትሪ ለመግዛት ከሮቢት ድረስ ይመጣል፤ ሬዲዮ የሌለው ሰው እንኳ ድንጋዩ ከሚሴ ላይ እንደሚገኝ ሲሰማ ሬዲዮ መግዛት ጀመረ።

ወፍጮውንም ያስነሳችው እሷው ናት። ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ሰሌን አነጠፈች፣ የመጣውን የጉድጓድ ማሽላ ሁሉ አስቀድማ ታሰጣለች፤ በመዳፏ ዘግና፣ በጥርሷ ሰብራ «ይህ ደርሷል፣ ይህ ነገ» ትላለች። ገበያ ቀን ሮቢት ወርዳ ለሴቶቹ ነገረቻቸው። ድንጋዩ ተወቀረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ዱቄቱ ወረደ። ያ ጠረኑም አልጠፋም። አጎትየው እንኳ ተመልሰው መጥተው አስፈጩና በረካውን ሳያነሱ ሄዱ። ሌላ ድንጋይ ማዘዝ ጭራሽ አላስፈለገም።

እኔ ምን አደረግሁ? ጫት ላይ ተቀምጬ፣ ባትሪውን አስቀድሜ አውቄ ነው ያዘዝኩት ብዬ አወራሁ። እዚያ ላይ ሸካሚዎቹ አለመኖራቸውን አይቼ ነው። የጨው ነጋዴው ሐጂም ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ያን ቀን ደስ አለኝ። ከአንድ ወር በኋላ ደስታው ለቀቀኝ። ወፍጮው ቱክ ቱክ ይላል፣ ባትሪው ይሸጣል፣ እኔ ደግሞ በመካከላቸው መቆም ሰለቸኝ። የሚሠራ ነገር ምን ያጓጓል? ነገ የሚመጣው ሌላ ነው። መንገድ ዳር ወጥቼ እንደገና ሸራ መግለጥ ጀመርኩ።

አጨዳ ደረሰ። ሚስቴ የላሞቹን ዋጋ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ከወፍጮውም ከባትሪውም ያጠራቀምነው ነው። ሮቢት ሄጄ አራት ላም እንድገዛ ነገረችኝ፤ ጡታቸውን እንዳይ፣ ጥርሳቸውን እንዳይ መከረችኝ። በጠዋት ወጣሁ። መንገዱ ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል። ማለፍ አልቻልኩም። ሸራውን ስገልጠው የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው፤ አዲስ፣ ቀለሙ ያልተነካ። ሹፌሩ ቦርከና ዳር ሽንኩርት ሊያለማ የተነሳ ሰው እንዳዘዘው ነገረኝ።

ጆሮዬ ላይ የገባው «ያዘዘው» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቀደመኝ። የቆርቆሮው ነገር ደግሞ ሊደገምብኝ ነው። ቦርከና ዳር መሬት ያለው የማውቀው ሰው ነበረ፤ በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ ማምረት ይቻላል፤ አንድ ሞተር ከገባ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ጎማው ተቀይሮ እስኪያልቅ ነው። መኪናው ሲነሳ እኔም ላዩ ላይ ነበርኩ። ሮቢት ወደኋላ ነው የቀረችው። ደሴ ገብቼ ለዚያ ወፍራም ሰውዬ ጨርቁን ፈትቼ እንዲያ ላለ ሞተር ቀብድ አስያዝኩ።

በማግስቱ ባዶ እጄን ቤት ደረስኩ። ሚስቴ ደጁን ጠርጋ፣ አራት ችካል ተክላ ጠበቀችኝ። ላሞቹስ አለችኝ። ስለ ሞተሩ ነገርኳት፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ በርበሬው፤ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ምራቄ እየደረቀ። አቋረጠችኝ።

«ሀ ተኡ» አለች፤ ይሁን ማለት ነው።

እሺ ያለችኝ መሰለኝ። እፎይ ብዬ ያን ቀን በደንብ በላሁ። በኦሮምኛ ይሁን የሚባለው ሰው ሲስማማ ብቻ ሳይሆን ሲበቃውም እንደሆነ ሁለቱንም ቋንቋ ስናገር ያደግሁ ሰው እንዴት እንደጠፋኝ አላውቅም። አርብ ዕለት ከጁምዓ ስንወጣ፣ ወንዱ ሁሉ መስጊድ ደጃፍ ቆሞ እያለ፣ የመናጫ ቅሏን በአንድ እጇ፣ ትንሽ ዕቃዋን በራሷ ላይ ይዛ ወደ ጨፋ መንገድ አለፈች። ሰላም አለችን። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የሳቀብኝ አልነበረም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ሳምንት ጠበቅሁ። ወፍጮ ቤት የሚመጡት ሴቶች እሷን ይጠይቃሉ፤ የደረሰውን ከእርጥቡ ለይቼ ስለማላውቅ ድንጋዩ ደግሞ አላቆጠ። የባትሪ ደንበኛ መጥቶ እሷ በስንት ትሰጠው እንደነበር ሲጠይቀኝ በግምት እቆርጣለሁ። ማታ ቤት ስገባ እነዚያ አራት ችካሎች ያደናቅፉኛል። ነቅዬ መጣል ፈራሁ። ናፍቃኝ ነበር፤ ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም።

ደሴ ሄጄ ሰውየውን ለመንኩት። ከቀብዱ ከፊሉን አስቀርቶ መለሰልኝ። የመለሰልኝ ለሁለት ላም ብቻ በቃ። ጡታቸውን አይቼ፣ ጥርሳቸውን አይቼ ገዛሁና ራሴ እየነዳሁ በእግሬ ጨፋ ወረድኩ።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ግራር ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። በክብር ተቀበሉኝ፤ ውሃ ቀረበልኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠየቅሁ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን እያጠበቡ፣ ጨፋ ላይ ውሃ ጠፍቶ ነው ወይ ሞተር ያስፈለገው አሉኝ። ጨፋ እኮ ረግረግ ነው፤ ክረምት ላይ ከብቱን የምናወጣው እየጎተትን ነው። ሁሉም ሳቁ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ አጥፍቻለሁ አልኩ። አማቴ ግን አልሳቁም። ነገሩ የልጃቸው ስለሆነ የምትለውን እሷ ትበል ብለው አስጠሯት።

መጣች፤ ላሞቹን አየቻቸው። አንዷን ጀርባዋን ዳሰሰቻት። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመች። አባቷ ግቢ ነውና በኦሮምኛ ነው የጠየቀችኝ።

«የሚመጣውን ሁሉ ታውቃለህ» አለችኝ። «እኔስ? እመጣለሁ ወይስ አልመጣም?»

እንደ ልማዴ ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። ትመጫለሽ ልላት ነበር። ፊቷን አየሁት፤ ምንም የሚነበብ ነገር የለበትም።

«ሂን ቤኩ» አልኩ፤ አላውቅም።

ከዚያ በፊት ይህን ቃል ከአፌ ሰምታው አታውቅም መሰለኝ።

«ታኢ፤ ኤጊ» አለችኝ፤ ተቀመጥና ጠብቅ። ተመልሳ ገባች።

ተቀመጥኩ። አማቴ ማደሪያ ሰጡኝ፤ ቀን ቀን ግራሩ ሥር እውላለሁ። ከዚያ ሆኖ የመኪና ድምፅ ይሰማል። በመጀመሪያው ቀን እግሬ አላርፍ ብሎ አሸዋውን ቆፈረው። በሁለተኛው ቀን አንድ ከባድ ጭነት የያዘ መኪና አቀበቱ ላይ ሲያቃስት ሰማሁ፤ ምን ይሆን ብዬ ተነስቼ ቆምኩና መልሼ ተቀመጥኩ። እሷ ላሞቹን ታልባለች፣ ወተቱን ይዛ በአጠገቤ ታልፋለች። ባትመጣስ የሚለውን ያን ጊዜ ነው ጎንበስ ብዬ ያሰብኩት፤ ወፍጮውም፣ ባትሪውም፣ ቦርከናም ምንም አልመሰሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት እንደተሰገደ፣ ቅሏን ይዛ ወጣች። ላሞቹን ፈታች። እኔ ተነስቼ ገመዱን ልቀበላት ብል አልሰጠችኝም። አባቷን ተሰናብታ መንገዱን ያዘች፣ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብላ እጇን ዘረጋችልኝ።

«የቀሩትን ሁለት እኔ እገዛቸዋለሁ» አለችኝ። «ቁልፉን አምጣ።»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ የወፍጮ ቤቱንም፣ የሱቁንም። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸውና ላሞቹን እየነዳች ቀደመችኝ።